የሕፃናት አእምሮ ጥበቃ ታሪክ በላስታና በመላው ኢትዮጵያ

በላሊበላ ከተማ በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ ከዓለቱ የተፈለፈለ አንድ ጥልቅ ኩሬ አለ። ልጅ ያጡ ሴቶች በልደት በዓል ሰሞን ወደዚያ እየመጡ፥ በገመድ ተይዘው ወደ ውኃው ዝቅ ይሉና ተነክረው ይወጣሉ። ስለቱ የሠመረለት ቤተ ሰብ ደስታው ወሰን የለውም፤ ልጁም የስለት ልጅ ተብሎ በስስት ያድጋል። ነገር ግን ያ በብዙ ልመና የተገኘ ልጅ በአምስት ወይም በስምንት ዓመቱ አንደበቱ ቢዘጋ፥ ሌሊት እየባነነ ቢጮኽ፥ ከእኩዮቹም ቢሸሽ ቤተ ሰቡ ወዴት ይሄዳል? ልጅን ለማግኘት የሚኬድበት ቦታ የታወቀ ሲሆን፥ የልጅ አእምሮ ሲታወክ የሚኬድበት ቦታ የትኛው ነው?

ይህ ጥያቄ በላስታ ደጋ ዐዲስ አይደለም፤ መልሱ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። የመልሱም ታሪክ ሦስት ወገን አለው፤ አንደኛው የጸበሉና የካህኑ፥ ሁለተኛው የሐኪም ቤቱ፥ ሦስተኛው የሁለቱ መገናኛ ነው። ይህን ታሪክ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። ይኸውም የሕፃን አእምሮ የሚፈወሰው ፈዋሹ የልጁን ቋንቋ፥ የእናቱን ፍርሃትና የአገሩን ልማድ ያወቀ እንደ ሆነ ነው፤ ያለዚያ ጥበቡ ምንም ቢበዛ ወደ ልጁ ልብ መግቢያ በር አያገኝም።

አስቀድሞ የነበረውን ሥርዐት መመልከት ይገባል። ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በነአኵቶ ለአብ ዋሻ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውኃ በድንጋይ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሕዝቡም ጸበል ነው ብሎ ይጠጣዋል፥ ይጠመቅበታል። እንዲህ ያለው ቦታ በላስታ ተራሮች ሁሉ አይታጣም። የታመመ ልጅ ያላት እናት ልጅዋን አዝላ ወደ ጸበሉ ትወጣለች፤ ሱባዔ ትገባለች፤ ለካህኑም የልጅዋን ነገር ትነግረዋለች። ካህኑ የንስሐ አባት ስለ ሆነ የቤቱን ጠብና ዕርቅ፥ ሐዘንና ድኽነት አስቀድሞ ያውቀዋል። የዛሬው የሥነ ልቡና ሐኪም በብዙ ጥያቄ የሚፈልገውን የቤተ ሰብ ታሪክ፥ የነፍስ አባቱ ከልጁ ክርስትና ጀምሮ ይዞት ይገኛል።

ለልጅ ሕመምም አገሩ ብዙ ስም አለው። በድንገት ፈርቶ ጠባዩ የተለወጠው ልጅ ‹‹ደንግጦ ነው›› ይባላል። ሲበላ ሰው ዐይቶት ታመመ የተባለው ‹‹ቡዳ በልቶት ነው›› ይባላል። እየወደቀ የሚንፈራገጠው ወይም በማይታወቅ ድምፅ የሚናገረው ‹‹ርኩስ መንፈስ አደረበት›› ይባላል። ስሙም መንገዱን ይመራል፤ ለአንዱ ጸበል፥ ለአንዱ የአዋቂ መድኃኒት፥ ለአንዱ የደብተራ ክታብ ይፈለግለታል። ክታቡ በብራና ተጽፎ በሕመምተኛው ቁመት ልክ የሚለካበት ልማድ ነበረ፤ ሰውየው ከራሱ እስከ እግሩ ይጠበቅ ማለት ነው። ብዙ ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የአስማትን ሥራ ሲነቅፉ የኖሩ ቢሆኑም፥ የተጨነቀች እናት ግን ከጸበሉ ወደ ክታቡ፥ ከክታቡም ወደ ጸበሉ ስትመላለስ ኖራለች።

በዚህ ሥርዐት ውስጥ ትልቅ መልካም ነገር እንዳለ መካድ አይገባም። ሕመምተኛው ከወገኑ አይለይም፤ በጸበሉ ቦታ እናቱ ከጎኑ ትተኛለች፤ ሌላውም ጸበልተኛ ‹‹እግዚአብሔር ይማርህ›› ይለዋል። ሕመሙ ስም ስለሚያገኝም ፍርሃቱ ይቀላል። ነገር ግን ጉድለቱም አይሰወርም። ‹‹ቡዳ በላው›› የሚለው ቃል በንጹሕ ጎረቤት ላይ፥ ይልቁንም በእጀ ሥራ በሚኖር ሰው ላይ፥ የሐሰት ክስ ያመጣል። ‹‹ርኩስ መንፈስ ነው›› የሚለው ፍርድ ያለ ምርመራ ሲሰጥ፥ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒት ሳያገኝ እሳት ላይ ወይም ውኃ ውስጥ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ሕመሙ የወላጅ ኀጢአት ፍሬ ነው የተባለ እንደ ሆነ ደግሞ፥ እናት ከሰው ዐይን ሸሽታ ልጅዋን በጓዳ ትደብቀዋለች። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› የሚባለው ተረት በምንም ነገር ይልቅ በዚህ ይፈጸማል።

ዛሬ የሥነ ልቡና ሐኪም ተብሎ የሚጠራው ሰው ሙያም በውጭው ዓለም ቢሆን ያረጀ አይደለም። የዐድዋ ድል በተገኘበት በ1888 ዓ.ም. በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ላይትነር ዊትመር የሚባል መምህር የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ ከፈተ። ወደ እርሱ የመጣው የመጀመሪያው ታካሚ ፊደል አስተካክሎ መጻፍ የተሳነው የ14 ዓመት ልጅ ነበረ፤ ያመጣችውም አስተማሪው ናት። ዊትመር ልጁን ሰነፍ ነው ብሎ አልፈረደበትም፤ መርምሮ የዐይን ጉድለት እንዳለበት አገኘና መነጽር ከትምህርት እርዳታ ጋራ እንዲያገኝ አደረገ። ስለዚህ ይህ ሙያ የተወለደው በአንድ ልጅ ጉዳይ ነው፤ ወደ ሐኪሙ ያደረሰውም ልጁን በየቀኑ የምታየው መምህርት ማስተዋል ነው። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር፥ የፊደል ገበታ ፊት ተቀምጦ የማይገባውን ልጅ ሲመለከት፥ ይህን ታሪክ ቢያስብ መልካም ነው። አለንጋ የዐይንን ጉድለት ሊፈውስ አይችልምና።

ወደ ላስታ ስንመለስ የሕፃናቱን ጭንቀት ያበዛው ትልቁ ነገር ረኃብ ሆኖ እናገኘዋለን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ ሰዉን አራቆተ። በ1958 ዓ.ም. ላስታና ዋግ ተራቡ። ከዚያም በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎን በሙሉ ያጠቃው ረኃብ መጣ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከሁሉ የከፋው ደረሰ፤ የቆረም ሜዳም የሙታንና የተራቡ ሰዎች ሜዳ ሆነ። በእነዚህ ዘመናት ብዙ ሕፃን እናቱ በመንገድ ስትወድቅ ዐየ። መንግሥት በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ባካሄደው ሰፈራ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲጓዝ፥ ባልና ሚስት፥ ወላጅና ልጅ የተለያዩበት ብዙ ነው።

በእርዳታው ጣቢያ የልጁ ክብደት በሚዛን፥ የክንዱ ውፍረት በመለኪያ ይለካ ነበር። ይህም ተገቢ ሥራ ነበረ፤ ብዙ ነፍስም አድኗል። ለፍርሃቱና ለሐዘኑ ግን መለኪያ የያዘ ሰው እምብዛም አልነበረም። ገንፎውን በልቶ ሥጋው የተመለሰለት ልጅ ዝም ብሎ ሲቀመጥ፥ ‹‹ዳነ›› ተብሎ ስሙ ከመዝገብ ይፋቅ ነበር።

ከረኃቡ በኋላ ወላጅ ላጡት ሕፃናት ብዙ ማሳደጊያዎች ተከፈቱ። ከእነዚህ አንዱ ኢየሩሳሌም የሕፃናት ማሳደጊያ ማኅበር ነበረ። ይህ ማኅበር ልጆቹን በግቢ ውስጥ ሰብስቦ ማሳደግ ብቻውን እንደማይበቃ በሥራው ተረዳ። በግቢ ያደገ ልጅ ምግብና ልብስ ሳያጣ፥ ዘመድና ጎረቤት፥ ለቅሶና ሠርግ፥ ሀገሬ የሚለው ስፍራም ያጣልና። ስለዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990 በኋላ ባሉት ዓመታት ልጆቹን ወደ ዘመዶቻቸውና ወደ ማኅበረ ሰቡ እየመለሰ፥ እርዳታውን በየሰፈሩ ወደ መስጠት ተዛወረ። ይህ ለሕፃናት አእምሮ ጥበቃ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ወገን ራሱ መድኃኒት መሆኑን ያሳያልና።

የሐኪም ቤቱ ታሪክ ከዚህ ጋራ ጎን ለጎን የሚሄድ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል በፋሺስት ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። ከላስታ ተነሥቶ እስከዚያ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ገበሬ ይህ የበሬ ዋጋ ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በዚያው በአማኑኤል መሠልጠን የጀመሩት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ነው። ሐኪሞችም በዚህ ሙያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሠልጠን የጀመሩት በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊው የአእምሮ ሐኪም ሙያውን በባሕር ማዶ ይማር ነበር።

ሆኖም ከዚያ አስቀድሞ የአገሩን ልማድ ለማወቅ የደከሙ ሐኪሞች ነበሩ። ሮልፍ ጊል የሚባል የሆላንድ አገር የአእምሮ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ፥ በሆስፒታል ተቀምጦ ሕመምተኛ መጠበቅን አልመረጠም። ከባልደረቦቹ ጋራ ወደ ወሊሶ፥ በዚያን ጊዜ ጊዮን ወደምትባለው ከተማ ሄዶ፥ ሕዝብ እየጎረፈ የሚጠመቅበትን የፈውስ ቦታ መረመረና በ1968 ጽሑፍ አወጣ። በ1969 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት የጠባይ መታወክ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ ጻፈ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሐኪሞች አንዱ የሆኑት ዶክተር ፍቅሬ ወርቅነህም ከእርሱ ጋራ ሆነው የአንድ ካህንንና የአንድ ሼህን የፈውስ ሥራ መርምረው በ1975 አሳተሙ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ሕመምተኛው ከሐኪሙ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ዐውቆ መነሣት እንደሚገባ አመለከተ።

ጊል ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋራ በሱዳን፥ በፊሊፒን፥ በሕንድና በኮሎምቢያ ስለ ሕፃናት በተደረገ ጥናት መሪ ሆነ፤ ውጤቱም በ1981 ታተመ። ወደ ጤና ጣቢያ ከመጡት ሕፃናት ከመቶው ከ12 እስከ 29 የሚሆኑት የአእምሮ ወይም የጠባይ መታወክ እንዳለባቸው ተገኘ። በዚያ ጥናት ለወላጅ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ዐሥር ብቻ ነበሩ። ልጁ ንግግሩ ያልተስተካከለ ነውን? እንቅልፉ ይታወካልን? ያለ ምክንያት እየወደቀ ያንፈራግጠዋልን? ራሱን ዘወትር ያመዋልን? ከቤት ይጠፋልን? ከቤት ይሰርቃልን? ያለ ነገር ይፈራልን? ከእኩዮቹ ይልቅ ለመማር ይዘገያልን? ከሌሎች ልጆች ጋራ ከቶ አይጫወትምን? በልብሱ ላይ ይሸናልን? ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፤ ከፍተኛ ትምህርት የሌለው የጤና ሠራተኛም ሊጠይቃቸው ይችላል።

ኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም ምርመራውን በገዛ አገራቸው ቀጠሉ። በአምቦ አውራጃ የተደረገውና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የታተመው ጥናት ከመቶው ሕፃናት 17.7 የሚሆኑት የጠባይ መታወክ ምልክት እንዳለባቸው ገመተ። በቡታጅራ የተደረገውና በ2001 የታተመው ግን ከመቶው 3.5 ብቻ አገኘ። አንባቢ ይህን ልዩነት ዐይቶ የአንደኛው አገር ልጆች ከሁለተኛው አገር ልጆች ይልቅ ታመዋል ብሎ አይፍረድ። የመጀመሪያው በአጭር መለያ ጥያቄ፥ ሁለተኛው ግን በረዥም የሕመም ምርመራ የተደረገ ስለ ሆነ፥ የወንፊታቸው ዐይን አንድ አይደለም። ዶክተር ምኒልክ ደስታም የአዲስ አበባን ሕፃናት የአእምሮ ሕመም በሰፊው መርምረው፥ በ2008 በስዊድን አገር በኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። የሥራቸውም አንዱ ክፍል በሌላ አገር የተዘጋጀው መጠይቅ ለኢትዮጵያ ልጅ ይስማማ እንደ ሆነ መፈተን ነበረ።

ይህ ፈተና ቀላል አይደለም፤ ስለ ምን ቢሉ ቃሉን መተርጐም አንድ ነገር፥ ትርጕሙን ማግኘት ሌላ ነገር ነውና። ከዐሥሩ ጥያቄዎች አንዱን ወደ ላስታ ገደል አውጥተን እንመልከተው። ‹‹ልጅዎ ከሌሎች ልጆች ጋራ ከቶ አይጫወትምን?›› ተብላ የምትጠየቅ እናት፥ ልጅዋ ከንጋት እስከ ማታ ብቻውን በግ የሚጠብቅ እረኛ ቢሆን ምን ትመልሳለች? ብቸኝነቱ የሥራው እንጂ የሕመሙ ምልክት አይደለም። ‹‹ከቤት ይጠፋልን?›› የሚለውም እንዲሁ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ለመሆን ለምዱን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከቤቱ ሳያስፈቅድ የወጣ ብላቴና፥ በሌላ አገር መጠይቅ ከሕሙማን ይቈጠራል፤ በአገሩ ግን ነገ መሪጌታ ይባላል።

ከዚህም የሚከብድ አለ። በአማራ አገር ጨዋ ልጅ ማለት በታላላቆች ፊት ዝም የሚል፥ ዐይኑን የሚሰብር፥ ሲጠየቅ ብቻ የሚመልስ ነው። እንግዳ ሐኪም ይህን ልጅ ዐይቶ ‹‹አዝኗል፥ ታሟል›› ቢል ይሳሳታል። ነገር ግን የአገሩም ሰው በተቃራኒው ይሳሳታል፤ በእውነት ያዘነውን፥ ልቡ የተሰበረውን ልጅ ዝምታውን ዐይቶ ‹‹እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው›› ብሎ ያመሰግነዋል። የሚጮኸውና የሚማታው ልጅ ወደ ጸበል ሲወሰድ፥ ዝም ያለው በምስጋና መካከል ይጠፋል። እንዲሁም የኢትዮጵያ ልጅ ‹‹ተጨንቄአለሁ›› ከማለት ይልቅ ‹‹ሆዴን ያመኛል፥ ራሴን ይወጋኛል›› ማለት ይቀለዋል። ስለዚህ የሥነ ልቡና ሐኪም የልማድ ዕውቀት ሲባል ጌጥ አይደለም፤ የታመመውን ከጤነኛው የሚለይበት ዋና መሣሪያው ነው።

የአገሩን ልማድ መድኃኒት ያደረገ አንድ መልካም ምሳሌ በአዲስ አበባ ይገኛል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የውበት ሙያ መምህርት ነበሩ፤ ልጃቸውም ኦቲዝም የሚባለው የአእምሮ ዕድገት መታወክ ነበረበት። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ ንግግሩ ይዘገያል፥ ሰው ፊት ለፊት ማየት ይከብደዋል፥ አንድ ነገር ደጋግሞ ይሠራል። ወይዘሮ ዘሚ ልጃቸውን ከመደበቅ ይልቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ በአደባባይም ስለ ልጃቸው ተናገሩ። ደግሞም ንግግር የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩበት አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ዘዴ አወጡ። የግእዝ ፊደል እያንዳንዱ ተነባቢውን ከነአናባቢው አንድ ላይ ስለሚይዝ፥ ልጁ ቃሉን በየፊደሉ ከፋፍሎ ድምፅ በድምፅ እየተናገረ ይማራል። ስንት ዘመን በቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሲዜም የኖረው ፊደል፥ ዝም ያለውን ልጅ አፍ መክፈቻ ቁልፍ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የአደባባዩ ንግግር ምን ያህል ያስፈልግ እንደ ነበረ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ያስረዳል። በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ነበር። ከመቶው 40 ያህሉ የልጃቸው ሕመም ከርኩስ መንፈስ ነው አሉ፤ 30 ያህሉ የራስ ጕዳት ነው አሉ፤ አንዱ ሰው ሁለቱንም የሚልበት ጊዜ ነበረ። ከመቶው 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፥ ከአራቱ አንዱ ያህልም ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። እነዚህ ወደ ሐኪም ለመምጣት የደፈሩት ናቸው፤ በየጓዳው የቀሩትን ግን የሚቈጥር የለም።

ከሐኪሙ በፊት ወላጅ የሚያማክረው ማንን ነው ቢባል፥ መልሱ በብዙ ስፍራ ካህኑን ነው። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የመጡ 1,044 ሕሙማን የተጠየቁበትና በ2009 የታተመው ጥናት፥ ከመቶው 31 ያህሉ አስቀድመው ወደ ካህን፥ ወደ ጸበል ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሄዱ ያሳያል። እንግዲህ ካህኑ ‹‹ወደ ሐኪምም ሂድ›› ቢል፥ ቃሉ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል፤ ‹‹መድኃኒቱን ጣል›› ቢልም እንዲሁ ይሰማል።

በዚህ ነገር የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ራሱ የሚጠቀስ አብነት አለው። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፥ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንና መድኃኒቱን አንድ ላይ ሊወስዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ከዚያ በፊት በእንጦጦ ጸበል መድኃኒቱን እያቋረጡ የሚጸበሉ ብዙዎች ነበሩ። በኋላም የአዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪሞች ከጸበል ቦታ አገልጋዮች ጋራ ተስማምተው ሕመምተኛው ሳይከፋፈል በሁለቱም እንዲረዳ ያደረጉትን ሥራ በ2021 ባሳተሙት ጽሑፍ ገልጸዋል። ሐኪሙ ጸበሉን አልነቀፈም፤ ካህኑም እንክብሉን አልጣለም፤ ሕመምተኛውም ከሁለት አንዱን ለመክዳት አልተገደደም።

ይህ ሁሉ ለላስታ ምን ይጠቅማል ቢባል፥ የቅርቡ ዘመን መልሱን ይሰጣል። ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ የላሊበላ ከተማ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተዛወረች፤ መብራቱ፥ ስልኩና ባንኩ ተቋረጠ፤ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ በከተማይቱ ውስጥ ዐዲስ ውጊያ ተደረገ። በእንግዳ ንግድ ይኖሩ የነበሩት መሪዎች፥ የበቅሎ ነጂዎችና የሆቴል ሠራተኞች እንጀራቸው ተቋረጠ። የከባድ መሣሪያ ድምፅ በዓለቱ ሸለቆ ሲያስተጋባ የሰማ የሦስት ዓመት ልጅ ግን ስለ ጦርነቱ ምክንያት የሚያውቀው ነገር የለም፤ እርሱ የሚያውቀው እናቱ መንቀጥቀጥዋን ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ልጅ ከዚያ ወዲያ ቢታይ፥ ከዐሥሩ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በእርሱ ላይ ይገኛሉ። መኝታውን ማርጠብ ትቶ የነበረው እንደ ገና ያረጥባል፤ በር ሲዘጋ ይደነግጣል፤ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፤ ጨዋታውም ሁሉ የጦርነት ጨዋታ ይሆናል። እናቲቱ ‹‹ደንግጦ ነው›› ትላለች፤ ቃልዋም እውነት ነው። በዚህ ጊዜ የሥነ ልቡና ሐኪም ሥራ ይህን የአገር ቃል አፍርሶ በእንግዳ ቃል መተካት አይደለም፤ ከዚያው ቃል ተነሥቶ ድንጋጤ ምን እንደ ሆነ፥ በምን እንደሚታገሥ፥ መቼም ከባድ እንደሚሆን ማስረዳት ነው። ልጁ የፈራውን በሥዕልና በጨዋታ እንዲያወጣ፥ የመኝታና የመብል ሰዓቱ እንዲጸና፥ በማርጠቡ እንዳይገረፍ፥ ከእኩዮቹ ጋራ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመለስ ያደርጋል። ብዙው ልጅ በዚህ ብቻ ይድናል። የሚጥል በሽታ ያለበት፥ መናገር ያቆመ፥ ወይም ራሱን ሊጐዳ የሚፈልግ ልጅ ግን ወደ ሐኪም መድረሱ የግድ ነው።

መንግሥት የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስልት በ2005 ዓ.ም. ሲያወጣ፥ ይህ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ አሰበ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን በላስታ ተራራ ላይ ባለ መንደር፥ ሐኪሙ እስኪደርስ ድረስ ልጁን በየቀኑ የሚያዩት እናቱ፥ መምህሩና ካህኑ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ዐሥሩን ጥያቄዎች ቢያውቁ፥ ዝም ያለውንም ልጅ ከጨዋው መለየት ቢማሩ፥ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። የከተማውም ሰው፥ የጎረቤቱ ልጅ ቢታመም ‹‹የማን ኀጢአት ነው?›› ማለትን ትቶ ‹‹ምን ልርዳችሁ?›› ቢል፥ ተዘግቶ የኖረው የጓዳ በር ይከፈታል።

ያቺ በቤተ ማርያም ኩሬ ተነክራ ልጅ የለመነች እናት ልመናዋን በሕዝብ ፊት አድርጋዋለች፤ ያን ጊዜ ገመዱን የሚይዝላት ሰው አልታጣም። ልጅዋ የታመመ እንደ ሆነም ያንኑ ገመድ የሚይዝላት ያስፈልጋታል፤ በአንድ ጫፉ ካህኑ፥ በሌላው ሐኪሙ።